ሩብ ዙር የሚበቃው ብረትና የእኔ ምላስ

ጎበዝ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ሽማግሌው ጃጀ» ትላላችሁ። በሉ፣ መብታችሁ ነው። ግን መጀመሪያ ስሙኝ።

ሰባን ያለፍኩ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቆቦ ገበያ ዳር፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላውን የብረት ቀዳዳ ላይ ለጥፌ ቆሜ ተያዝኩ።

በማን?

ቆዩ። እሷ ዘንድ ለመድረስ እኔ አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እናንተ አምስት ደቂቃ ብትታገሱ ምን አለበት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእጅ ባትሪዬ ድንጋይ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ተዘግቷል። ከጎኑ ያለው የግንባታ ዕቃ መሸጫ ግን ክፍት ነው። የቆቦን ፀሐይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጥላ ያለው ክፍት በር ከተገኘ ሽማግሌ ሰው ምን እንደሚሸጥ አይጠይቅም፣ ይገባል። ገባሁ። ሚስማር፣ ቀለም፣ ሽቦ፣ ቧንቧ። ከቧንቧዎቹ መሃል ደግሞ አንዲት ቀይ እጀታ ያላት ትንሽ ቫልቭ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

ወላሂ፣ የገባሁበትን ረሳሁ።

ቦል ቫልቭ ይሏታል። ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔ እኮ በዚህ ነገር ባለሙያ ነበርኩ። ሆዷ ውስጥ መሃል ለመሃል የተበሳ የብረት ኳስ አለ። እጀታዋን ሩብ ዙር ስታዞሩት ቀዳዳው ከቧንቧው ጋር ይገጥምና ውሃው ያልፋል። ሩብ ዙር ስትመልሱት ኳሱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ውሃው ይቆማል። እጀታው እንደ ቧንቧው ከተጋደመ ክፍት፣ ቧንቧውን ካቋረጠው ዝግ። አለቀ። ሕፃን የሚይዘው ትምህርት ነው።

እኔን ይቺ ሩብ ዙር ናት ያስቀረችኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ፣ ጎፈሬዬ እንደ ግራር ጥላ የተንሰራፋ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ መሬት አልበቃ ያለኝ እንድሪስ ነኝ። (አሁን የቀረኝን ጸጉር ለማየት ፕሮፋይሌን ሰፋ አድርጋችሁ እዩት። ሰፋ ብታደርጉትም የለም።)

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው ሜዳ ላይ የመስኖ ሥራ ተጀመረ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የናፍጣ ፓምፕ ተተከለ፣ ውሃው ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይገባና ከዚያ በቧንቧ ወደ ማሳዎቹ ይወርዳል። እኔ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቫልቭ መክፈትና መዝጋት፤ ማዕረጌ ግን «የውሃ ቁጥጥር ሠራተኛ»። ካኪ ተሰጠኝ! ካኪውን ለብሼ በገበያ ቀን ምንም የምገዛው ሳይኖረኝ ገበያውን ሦስት ጊዜ እዞረው ነበር።

ከዚያ በፊት የኛ አገር ሰው ውሃ የሚያገኘው ከተራራው ነው። ደጋ ሲዘንብ ጎርፉ ይመጣል፣ ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ማን መቼ እንደሚጠልፍ የሚወስን ደግሞ የውሃ አባት አለ። የኛ የውሃ አባት አባ ሙሔ ይባሉ ነበር። ቃላቸው አንድ፣ ከዘራቸው ረጅም። መንግሥት ቧንቧ ቢዘረጋም ተራ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ እንኳን ገበሬው፣ ፓምፑም የሚታዘዛቸው ይመስለኝ ነበር።

የድሮው ወግም ከቧንቧው ጋር ቀጠለ። ባለ ተራው አካፋውን ይዞ ቫልቩ ድረስ ይመጣል። ውሃው ሲለቀቅ በዓይኑ ያያል። ከዚያ ከውሃው እኩል እየተራመደ ወደ ማሳው ያደርሰዋል። ውሃን ብቻውን መንገድ መስደድ ነውር ነው። እንግዳ ብቻውን ይሰደዳል?

አሁን ጦይባ ትምጣ።

ጦይባ የአባ ሙሔ የወንድም ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የእናቷን ማሳ ተራ የምትቀበለው እሷ ነበረች፣ በየስምንት ቀኑ፣ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ። መልኳን አልነግራችሁም። መልኳን ብነግራችሁ ኮሜንት ላይ ግጥም ትጽፉብኛላችሁ።

ብቻ ስትመጣ ከሩቅ በአካፋዋ አውቃታለሁ። አካፋ ሲያብረቀርቅ አይታችሁ ልባችሁ ተንቀጥቅጦ ያውቃል? የኔ ያውቃል።

ያኔ የነበረው ቫልቭ ባለ መዘውር ነው፣ እንደ መኪና መሪ የሚዞር። ሙሉ ለመክፈት ሃያ ስምንት ዙር ይፈልጋል። ሃያ ስምንት! መዳፍ ይልጣል፣ ወገብ ይሰብራል። የሌሎቹ መስመሮች ሠራተኞች ይህን የሠራውን ፈረንጅ ይሰድባሉ። እኔ ግን በጦይባ ተራ ቀን ፈረንጅን ስመርቅ እውላለሁ።

ምክንያቱም እሷ ሃያ ስምንቱ ዙር እስኪያልቅ መጠበቅ አለባት!

የመጀመሪያዎቹ አምስት ዙሮች ሰላምታ ናቸው። ራያ ላይ ከአምስት ዙር ያነሰ ሰላምታ ጠብ አለ ማለት ነው። እስከ አሥር ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጥጃይቱ፣ ስለ እናቷ ጉልበት። ከአሥር እስከ ሃያ ሰው እናማለን፤ በተለይ የቀበሌውን ሊቀመንበር። ከሃያ በኋላ ወሬ ያልቅብንና ዝም እንላለን።

ያቺን ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የምፈልጋት።

በዚያች ዝምታ ውስጥ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ማንሾካሾክ ይጀምራል። እሷ ጎንበስ ትልና ጆሮዋን ወደ ቧንቧው ትሰጣለች፣ ከመሬት ሥር ማን እንደሚጠራት እንደምትሰማ። እኔ መዘውሩን ይዤ እሷን አያለሁ። አንድ ዙር። ሌላ ዙር። ሜዳው ላይ ከፓምፑ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

ሃያ ስምንት አልበቃኝም። ምን እንዳደረግኩ ልናዘዝ፤ ሁለት ዙር ወደፊት፣ አንድ ዙር ወደ ኋላ ማዞር ጀመርኩ።

አንድ ቀን አካፋዋን አንስታ ልትሄድ ስትል መለስ አለች።

«እንድሪስ፣ ባለፈው ተራዬ ሃያ ስምንት ነበር። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ብረቱ ይወልዳል እንዴ?»

ቆጥራለች! እኔ ሳላያት ስትቆጥር ኖራለች! የምትቆጥር ሴት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አሁን ገባችሁ አይደል? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይገባዋል።

እኔ ምን አልኳት?

«ዝገት ነው።»

ፈገግ አለች፣ ከውሃዋ ጋር እየተራመደች ሄደች።

ልነግራት ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። በየተራዋ ቀን ከቤት ስወጣ አጠናዋለሁ። ለሃያ ስምንተኛው ዙር ነበር የማስቀምጠው። ታዲያ ሃያ ስምንተኛው ዙር ላይ ውሃው ይጮሃል፣ እሷ ትነሳለች፣ እኔ ለሚቀጥለው ተራ አስተላልፈዋለሁ። ስምንት ቀን ምን አላት? እንዲህ እያልኩ ሁለት መኸር አሳለፍኩ።

ከዚያ ካሚዮኑ መጣ።

ሳጥን በሳጥን ጭኗል። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ዕርዳታ ነው ተባለ። ደሴ የተማረ አንድ ቴክኒሻን አብሮ መጥቶ ነበር፣ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ሳጥኑን ሲከፍተው ግዙፍ ግዙፍ ቦል ቫልቮች፤ እጀታቸው ብቻ የክንድ ርዝመት። ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አየሁት።

ዕቃው ለቤት ማሞቂያ መስመርና ለጋዝ ቧንቧ የተሠራ ነው። በዚያ አገር በረዶ ስለሚጥል ውሃ አፍልተው በቧንቧ ለከተማው ያድላሉ፣ ሕዝቡ በዚያ ይሞቃል፣ ምግቡንም በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ ያበስላል አለን።

ማሞቂያ! ለቆቦ! ግመል ጥላ ለሚፈልግበት አገር!

አባ ሙሔ ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና፣ «ሙቀት እንዲህ ከቸገራቸው ካሚዮኑ ባዶውን ለምን ይመለሳል? ከኛ ጭኖ ይሂድ» አሉ። አገር ሳቀ።

ለኛ ታስቦ ይላክ፣ ተሳስቶ ይላክ፣ የጠየቀ የለም። በዚያ ዘመን ዕርዳታ ይጨበጨብለታል እንጂ አይጠየቅም። ቴክኒሻኑም «ፍል ውሃ የቻለ ቀዝቃዛ ውሃ አያቅተውም» ብሎ መዘውሮቹን እየነቀለ እነዚህን ተከለ።

ከመትከሉ በፊት ግን አንዷን አንስቶ «በዚህ እይ» አለኝ። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ፣ ጨለማ። እጀታውን ቀስ ብሎ ሲያዞረው መጀመሪያ እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ብርሃን ወጣ፣ ከዚያ እየሞላ እየሞላ ሄደና ማዶ ያለው የዞብል ተራራ ሙሉውን ክቡ ውስጥ ገባ። እንደዚያ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም።

«አየህ» አለኝ፣ «ወይ ክፈት፣ ወይ ዝጋ። መሃል ላይ አታቁመው። መሃል ላይ ከቆመ ውሃው በጠባቡ ሲጋፋ ውስጥ ያለችውን ነጭ ቀለበት ይበላታል። እሷ ከተበላች ወዲያ ብትዘጋውም አይዘጋልህም።»

ወይ ክፈት፣ ወይ ዝጋ። ይሄን ምክር ለቫልቭ ብቻ መስሎኝ!

የምረቃው ቀን ካድሬ መጥቶ ስለ ምርት ዕድገት ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ እኔ ታዘዝኩ። ሃያ ስምንት ዙር የለመደ ክንዴን አሰባስቤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ለካ የፈለገው ሩብ ዙር ነው! ውሃው እንደ ደነበረ ወይፈን ዘሎ ወጣ፣ የካድሬውን ጫማ እስከ ካልሲው አጠበው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ለቫልቩ ይሁን ለጫማው እስካሁን አልታወቀም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «እንድሪስ ሩብ ዙር» ሆነ። ዛሬም ሮቢት ድረስ ብትሄዱ እንድሪስ ብላችሁ አታገኙኝም፣ ሩብ ዙር ስትሉ ግን ቤቴ ድረስ ይመሯችኋል።

ስም ይለጠፍብኝ፣ ግድ የለም። ችግሩ የመጣው የጦይባ ተራ ሲደርስ ነው።

መጣች። አካፋዋን አስደግፋ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ወትሮው። «ደህና አደርሽ?» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» አለች። እጀታውን ያዝኩ፣ ሩብ ዙር።

ውሃው ሄደ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ» አልኩ።

አንዴ እጀታውን፣ አንዴ እኔን አየች። ውሃው ብቻውን እየሄደ ነው። ነውር ነዋ! አካፋዋን አንስታ ተከተለችው።

ጎበዝ፣ ሃያ ሰባት ዙር ከሦስት ሩብ ተሰረቅኩ! ለማን አቤት እላለሁ? ለዚያ ለሚበርደው አገር ደብዳቤ ልጻፍ?

ስምንት ቀን ተብሰልስዬ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በሚቀጥለው ተራዋ እጀታውን ትንሽ ገፋ አደረግሁና «ጠንክሯል» ብዬ አቆምኩት። ግማሽ ክፍት። ቧንቧው ውስጥ ውሃው ፉጨት ጀመረ። ላቤን ጠረግኩ (ላብ አልነበረም)። ትንሽ ገፋ፣ ደግሞ ትንሽ አረፍ። የላሚቱ ወሬ ተመለሰ። የእናቷ ጉልበት ተመለሰ። ያቺ ዝምታ ሳትቀር ተመለሰች። ቴክኒሻኑ ያለኝ ትዝ እያለኝ ነው ደግሞ! እያወቅኩ!

እንዲህ እያልን ማሽላው አበበ።

አንድ ተራዋ ቀን ግን ወሬው ስለ ላሚቱ አልነበረም። ጎንበስ ብላ አካፋዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ እየፋቀች ተናገረች።

«ከዋጃ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው። አጎቴ ‹ማሽላው እስኪታጨድ መልስ አልሰጥም› ብሏቸዋል። ‹ሌላ የሚጠይቅ ካለ እስከዚያ ይምጣ› ብሏል።»

መፋቋን አቆመች። ጠበቀች።

ሌላ ምን ትበል? ከዚህ በላይ ሴት ልጅ ምን ትክፈት? እኔ ግማሽ የተከፈተ ቫልቭ ይዤ ቆሜያለሁ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አልኩም!

«ማሽላው... ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ አይደል?»

አዎ። ይህንን ነው ያልኩት። ሳቁ፣ ሳቁ፣ አልቀየምም።

«ጥሩ ነው» አለች። ተነስታ ሄደች።

ለምን አልተናገርኩም? ደሃ ስለነበርኩ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ለውትድርና መልምለው ይወስዱኝና መበለት አደርጋታለሁ ብዬ ነው ብያለሁ። አባ ሙሔን ፈርቼ ነው ብያለሁ። አሁን ሽምግልና ዕፍረቴን ስለወሰደልኝ እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ የወደድኩት ማዞሩን ነበር። ሃያ ሰባተኛው ዙር ላይ ዕድሜ ልኬን ብኖር ደስ ይለኝ ነበር። ውሃው ከተለቀቀማ ተራው ያልቃል ብዬ ፈራሁ።

ውሃ ግን አይጠብቅም። ቀለበቷን በላት።

ቫልቩን ዘግቼ ስሄድ ወደ ታች ማፍሰስ ጀመረ። በዚያ መስመር የመጀመሪያው ማሳ የነጦይባ ነው፤ ስለዚህ ስምንቱንም ቀን ማሳቸው ርጥብ ሆነ። ጎረቤቱ መሬት ተሰነጣጥቆ የነሱ ማሽላ እንደ ቅቤ ያበራል። ሰው ማየት ጀመረ፣ ከዚያ ማውራት። «የውሃ አባት ዘመድ ስለሆነች ነው» ተባለ። ራያ ላይ ከብት የሰረቀ ይታረቃል። ውሃ የሰረቀ ግን ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል፣ ተራውንም እስከ አጨዳ ይነጠቃል። ማሽላው ደግሞ ፍሬ ሊይዝ ነው፣ ያለ ውሃ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አባ ሙሔ ገንዳው አጠገብ ባለው ግራር ሥር ሰው ሰበሰቡ። የገበሬ ማኅበሩ አለ፣ ቴክኒሻኑ አለ፣ እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዳር ተቀምጣለች። አባ ሙሔ ወንድማቸውን የቀበሩ ዕለት እንኳ ፊታቸው እንደዚያ አልጠቆረም።

«ጦይባ» አሉ፣ «ልጄ ነሽ ብዬ አላልፍሽም። ከተራሽ ውጭ ውሃ ነክተሻል?»

ተነሳች። «አልነካሁም። እጀታውን የሚይዝ አንድ ሰው ነው፣ እሱ ያውቃል።» ወደኔ ዞረች። «እንድሪስ፣ ንገራቸው። ምን ሆኖ ነው?»

ጓዶች፣ ያ ሰዓት ሩብ ዙር ብቻ ነበር የሚፈልገው።

«እኔ ነኝ። ከሷ ጋር ትንሽ መቆየት ፈልጌ መሃል ላይ አቆምኩት» ማለት ነበረብኝ። ይህን በአጎቷ ፊት የተናገረ ሰው በማግስቱ ሽማግሌ መላክ ግዴታው ነው፤ ካልላከ በዚያ ሜዳ አይታይም። እሷ ይህን ታውቃለች። አስባበት ነው ወደኔ የዞረችው። በራፉን ብርግድ አድርጋ ከፍታ፣ ግባ ብላ ቆማለች።

አገር ሁሉ እያየኝ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ዕቃው ነው» አልኩ። «ለብርድ አገር የተሠራ ነው። ሙቀቱን አልቻለውም።»

ሰዉ «ኧረ እውነት ነው!» አለ። ያ ሁሉ ሲሳቅበት የነበረ ማሞቂያ! አባ ሙሔ በረጅሙ ተነፈሱ፣ እናቷ አለቀሰች፣ ስርቆቱ ቀረ። ቴክኒሻኑ ቫልቩን ፈትቶ የተበላችውን ቀለበት በጣቱ ዳበሰ። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ደብተሩ ላይ «ለአካባቢው አየር ጠባይ ያልተስማማ» ብሎ ጻፈ። ደግ ሰው ነበር። ደግነቱ ገደለኝ እንጂ!

ሁሉ ሲበተን ጦይባ አጠገቤ አለፈች። አልቆመችም።

«እንግዲያ ብረቱ ነው» አለች።

ማሽላው ታጨደ። የዋጃዎቹ መጡ። አጃቢዎቿ እየዘፈኑ በቫልቩ አጠገብ ሲያልፉ እኔ ካኪዬን ለብሼ እጀታውን ይዤ ቆሜ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ የማንም ተራ አልነበረም። አካፋ ሳትይዝ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ምን አለ። እኔም በጊዜዬ አገባሁ። የልጆቼ እናት መልካም ሴት ነበረች፣ አላህ ይርሐማት፤ እሷን አንድም ቀን አላማኋትም። ደርግ ወደቀ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ገንዳው ውስጥ ፍየል ተኛበት። ቫልቮቹን ማን እንደነቀላቸው እንጃ። ዋጃ ግን ቅርብ ናት፣ መኪና በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ በዋጃ ሳልፍ አንድም ቀን አልወረድኩም። መስኮቱን ብቻ እከፍታለሁ።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ቫልቭዋን ከመደርደሪያው አነሳሁ። ታናሽ ናት፣ ከመዳፍ አትበልጥም። አቧራዋን እፍ አልኩ፣ ዓይኔ ላይ አደረግኋት። ሱቋን የምትጠብቀው ልጅ «አባባ፣ መነጽሩ እኮ ወዲያ ሱቅ ነው» አለችኝ። ንቄ አለፍኳት።

ዝግ ነው፣ ጨለማ። ወደ በሩ ዞሬ እጀታዋን ቀስ ብዬ አዞርኩ። አዲስ ጨረቃ ወጣች። ሞላች። ዞብልን ነበር የጠበቅኩት።

ክቡ ውስጥ የሴት ፊት አለ። ሻሽ፣ ሽብሽብ ያለ ጉንጭ፣ ሁለት ዓይን። ዓይኖቹ ይቆጥራሉ።

«እንድሪስ» አለች። «ዛሬም ብረቱ ነው?»

ብረቷ ከእጄ አመለጠችና እግሬ ላይ ወደቀች። (ለጠየቃችሁኝ፣ አውራ ጣቴ አብጧል፣ ፎቶ አልለጥፍም!)

ለጓሮዋ ቧንቧ ቫልቭ ልትገዛ ከዋጃ መጥታ ነው። ለልጅቱ ስትነግራት ሰማሁ፤ ባለቤቷ ካረፈ ሦስት ዓመቱ፣ ጓሮውን የምታጠጣው ራሷ ናት። ልጅቱ እጀታው እንዴት እንደሚሠራ ልታስረዳት ስትጀምር ጦይባ አቋረጠቻት። «አውቃለሁ ልጄ፣ ከቧንቧው ጋር ከተጋደመ ክፍት፣ ካቋረጠው ዝግ፣ መሃል የለውም። ድሮ የሚያውቅ ሰው አሳይቶኛል» አለችና ወደኔ ዞር አለች።

ጠበቀች።

እኔ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። አርባ ዓመት ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፏል። የፊተኛው ወጣ።

«ማሽላው... ዘንድሮ እንዴት ነው?»

ያ ረቢ! ደግሜ! ያንኑ!

ሳቀች። ባንኮኒውን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ልጅቱ ውሃ ላምጣ እስክትል ድረስ ሳቀች። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ልጅቱ ከጓዳ ያወጣችላትን ቫልቭ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ባጃጁ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። በሩ ላይ ስትደርስ መለስ አለች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ገና አልታጨደም።»

ሄደች።

እኔ እንደ ሞኝ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ድንጋዬንም ሳልገዛ እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ጣቴን ውሃ ውስጥ ስነክር ነው የገባኝ።

አልታጨደም አለችኝ እኮ! አልታጨደም!

ስልኳን አልተቀበልኩ። ቤቷ ዋጃ የት ጋ እንደሆነ አልጠየቅኩ። አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ። ተመልሼ ሄጄ እግሬ ላይ የወደቀችውን ባለ ቀይ እጀታ ቫልቭ ገዛሁ። ቧንቧ የለኝም። ጓሮም የለኝም። ልጅቱ «ለምን ይሆንዎታል?» ስትለኝ «ለማሞቂያ» አልኳት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ከፊቴ ተቀምጣለች። እጀታዋን ከፍቼ ነው ያስቀመጥኳት፣ ወለል አድርጌ።

አሁን ፍረዱኝ። በዚህ ዕድሜ ሽማግሌ ይላካል ወይ? ይላካል ካላችሁስ፣ ከኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ከየት ላምጣ? የነበሩትን ሁሉ ቀብሬ ጨርሻለሁ! የልጅ ልጄ «አባባ፣ ዝም ብለህ ሂድ፣ ባጃጅ እኔ አመጣለሁ» ትላለች። የዛሬ ልጆች ሲፈጠሩ ጀምሮ ሩብ ዙር ናቸው።

እኔ ግን ልምዴ ሃያ ስምንት ነው፣ ትንሽ ቀን ያስፈልገኛል። ስለዚህ የዋጃ ልጆች፣ ይህን ያነበባችሁ ላልሰሙት አሰሙልኝ። ላይኩም ይቅርብኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ እያነከሰ፣ አንድ ጎፈሬ የሌለው ሰውዬ ከመኪና ሲወርድ ታያላችሁ።

እስከዚያ ድረስ፣ ለአላህ ብላችሁ፣ ማጭድ አታንሱ።